ሰማያዊ ለባሾቹ ሽማግሌዎች

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 12። ጠዋት፣ ከሺፍት በፊት

ቀዩን ካናቴራ አጥቤ በረንዳ ላይ ሰቀልኩት። በእጄ ነው ያጠብኩት፤ ማሽን ቀለሙን ይበላዋል። ጥሩነሽ አይታኝ አለፈች። የእሷን ዩኒፎርም እንዲህ አጥቤላት አላውቅም። ሚስቴ የምትለውን በመተው ነው የምትናገረው።

ቅዳሜ ጨዋታ አልነበረንም። ስላልተጫወትን አልተሸነፍንም። ከዘንድሮ ቅዳሜዎች ሁሉ የተሻለው እሱ ነው። ሲዝኑ ከተጀመረ አንድም አላሸነፍንም። አንድም! በላቸው ግን ቡድኑ እየበሰለ ነው ይለኛል። (እሱ ታክሲ፣ እኔ የሆቴል ሻትል እንነዳለን፤ ወሬያችን ኤርፖርት ተራ ስንጠብቅ ነው።) ምን ዓይነት ሽሮ ነው ይህን ያህል ጊዜ የሚበስለው? ሰውዬው ይህን በእጅ ተይዞ የሚሮጥበት የአሜሪካ ኳስ ስንት ዓመት አይቶት፣ ዛሬም ዳኛው ጨርቅ በወረወረ ቁጥር ኦፍሳይድ ብሎ ይጮሃል። ከእንዲህ ያለ ሰው ጋር ነው አንድ ቀለም የለበስኩት።

ስማ ደብተር። አንተን የገዛችልኝ ልጄ ሶስና ናት። አምና ኮሮናው ቤት ዘግቶን ሳለ ጩኸቴ ሰለቻትና፣ ዳዲ፣ ለቲቪው የምትለውን ለዚህ በለው ብላ ሰጠችኝ። ይኸው እልሃለሁ።

ዋናው ጨዋታ ገና ነው። በወሩ መጨረሻ፣ ዓርብ ማታ፣ ከሰሜኖቹ ጋር፣ ሬኖ ከተማ፣ እነሱ ሜዳ። የኛ የቬጋስ ዩኒቨርሲቲ (ሶስና የተመረቀችበት፣ ማርሽ ባንዱ ሲለማመድ ከመኝታ ቤቴ የሚሰማኝ) የቀረውን ሁሉ ቢሸነፍ እችለዋለሁ። ይህን ግን አልችልም። ያሸነፈ መድፍ ይወስዳል። እውነተኛ፣ ጎማ ያለው መድፍ። እኛ ስንወስደው ቀይ እንቀባዋለን፣ እነሱ ሲወስዱት ሰማያዊ። አሁን ሰማያዊ ነው። አምና ስታዲየማችን ሰው እንዳይገባ ተከልክሎ ባዶ ሳለ መጥተው ወሰዱት። ባዶ ቤት ገብቶ ዕቃ ይዞ የሚወጣ ምን ይባላል? እነሱም ያው ናቸው።

ሬኖን አውቃታለሁ። ቬጋስ በሙቅ ውኃ ታጥባ ብትጠብ ሬኖ ትሆናለች።

ይህን እየጻፍኩ ሶስና ደወለች። ናቲ እሑድ ሽማግሌ ይልካል አለች። ናቲ የሬኖ ልጅ ነው። እዚያ ተወልዶ፣ እዚያ ተምሮ፣ እዚያው ኢንጂነር ሆኖ የቀረ። ኮፍያው ሰማያዊ። መድፉን ወሰዱ፣ አሁን ደግሞ ልጄን።

ረፈደብኝ። በኋላ።

ዓርብ፣ ኦክቶበር 15። ከምሳ በኋላ

እቤቱ ተገልብጧል። ጥሩነሽ ምንጣፉን አስጠርጋ መጋረጃ ቀየረች። የቡድኔን ባንዲራ ከሳሎኑ ግድግዳ አውርድ አለችኝ። እምቢ አልኩ። የገዛ ቤቴ ነው።

ስለ ልጁ ላውራ። ክፉ አይደለም። ክፉ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፣ እምቢ ብዬ እገላገል ነበር። ሲያየኝ ከወንበሩ ይነሣል። ጋሼ ይለኛል። አንዴ ግን እራት ላይ፣ አንተ ደብተር፣ ዘንድሮ ቡድናችሁ እንዴት ነው ብሎ ጠየቀኝ። በትሕትና! ያ ነው ያበገነኝ። የሚያሸንፍ ሰው ትሕትና ምን ያህል እንደሚያስጠላ የተሸነፈ ብቻ ነው የሚያውቀው።

ሽማግሌው ግን፣ እውነቱን ልንገርህ፣ ደስ ብሎኛል። እዚህ ከተማ ሰው በመኪና መስኮት በኩል ይጋባል፤ ሃምበርገር እንደሚያዝ። የስንቱ ሐበሻ ልጅ ዳውንታውን ሄዶ ፈርሞ፣ ማታ ለወላጆቹ ፎቶ ቴክስት አድርጓል። እኔ አንድ ልጅ ነው ያለችኝ። እቤቴ በር ላይ ሰው ቆሞ፣ ልጅህን ብለን መጣን ሲለኝ መስማት እፈልጋለሁ። ሙሽራ ሆና ከቤቴ ትወጣ ዘንድ እፈልጋለሁ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ለጥሩነሽም።

ወጉንም አውቃለሁ። መጀመሪያ ሲመጡ እሺ አይባልም። እንመካከርበት፣ ተመልሳችሁ ኑ ይባላል። ቁርጥ ያለች አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። ጥሩነሽ ዛሬ ሦስቴ አስጠናችኝ፣ እንደ ልጅ። ስለ ኳስ አንዲት ቃል እንዳትተነፍስ አለችኝ። ምን አድርጌ ነው እንዲህ የምትንቀኝ?

እሑድ፣ ኦክቶበር 17። ከመሸ

መጡ። ሄዱ። ተበላሸ።

ከሥር ልጀምር። ትናንት ለጥቂት ተሸነፍን። ስለዚህ ስነሣም ደሜ ፈልቶ ነበር። ሽማግሌዎቹ ከቀጠሮው በፊት ደረሱ። ሬኖዎች ሲባሉ ሰዓት ማክበራቸውም ለማሳጣት ነው። ሦስት ናቸው። ዋናው ጋሽ ተፈራ፣ ፀጉራቸው ጥጥ የመሰለ፣ የናቲ አባት ከሞተ ወዲህ እንደ አባት ያሳደጉት። ሁለቱ አጃቢዎች ናቸው፤ ራስ ከመነቅነቅ በቀር ሲናገሩ አልሰማሁም።

ሦስቱም ሰማያዊ ማስክ አድርገዋል። ጋሽ ተፈራ ሰማያዊ ከረባትም ጨምረዋል። ጥሩነሽ የሐኪም ቤት ማስክ ነው፣ ሁሉም ሰው የሚያደርገው ነው ትላለች። ጥቁር ማስክ የለም? ነጭ ጠፋ? የኔ ሳሎን ድረስ ሰማያዊ ተለብሶ ይመጣል?

ቁጭ አሉ። ውኃ ቀረበ፣ መልስ ሳንሰማ አንቀምስም አሉ። ወግ ነው። ጋሽ ተፈራ አፋቸው ማር ነው፤ ስለ ልጁ አስተዳደግ፣ ስለ እናቱ፣ ልጃችሁን ለልጃችን፣ ልጃችንን ለእናንተ አሉ። ዓይኔ እንባ አቀረረ፣ አልዋሽህም። እንመካከርበት አልኩ። ቃል በቃል። ጥሩነሽ ትንፋሿን ለቀቀች። ውኃው ተጠጣ። አለቀ!

እንዲያ ብለው ቢወጡ ምን ነበረበት? ጋሽ ተፈራ ሲነሡ ግድግዳው ላይ ባንዲራውን አዩት። ሳቅ አሉ። ይህንማ በቅርቡ ታወርዱት የለም እንዴ አሉኝ። ዘንድሮ የልጆቻችሁ ነገር ያሳዝናል፣ እግዜር ይርዳቸው አሉ። እግዜር ይርዳቸው! ሊሞት ለሚያጣጥር ሰው የሚባለውን!

ከዚያ በኋላ ያለው አፌ ነው፣ እኔ አይደለሁም። እርስዎ አያስቡ አልኳቸው፤ ያን ዓርብ እናንተ ካሸነፋችሁ ልጄን ውሰዱ፣ ምክክርም አያስፈልግ። ከተሸነፋችሁ ግን ልጃችሁ እዚህ በር ላይ ቀይ ለብሶ ይቁም። አጃቢዎቹ ሳቁ። ጋሽ ተፈራ እጃቸውን ዘረጉ። ቃል? አሉ። እጃቸውን መታሁት። ቃል! ከጨዋታው ቀጥሎ በሚውለው እሑድ እንመለሳለን ብለው ወጡ።

በወጉ መሠረት ሶስና ሳሎን አልወጣችም። ወጥ ቤት ነበረች። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር።

ሳትሰናበተኝ ሄደች።

ሰኞ፣ ኦክቶበር 18። ከሥራ መልስ

ሶስና መጥታ ነበር። አልቀመጥም አለች። ስትናደድ አማርኛዋ ይሰባበራል፣ ግን ዛሬ አንዷንም ነገር አልሳትኩም።

"እኔ የካዚኖ ቺፕ ነኝ እንዴ ዳዲ? ቴብል ላይ አስቀመጥከኝ።"

ቀልድ ነው አልኳት። ቀልድ ከሆነ ለምን እጅ ተማታችሁ አለች። እኔን ማንም አልጠየቀኝም፣ አንተም እነሱም፤ ቢያንስ ወጉ ስለሆነ ቻልኩት፣ አንተ ግን ወጉንም ጌም አደረግከው አለች። ከዚያ ነገሩን ቆረጠችው። ከጨዋታው በፊት ጋሽ ተፈራ ጋር ደውለህ ቃልህን ካላነሣህ፣ ሽማግሌ የሚባል የለም፤ እኔና ናቲ ኖቨምበር መባቻ ሰኞ ጠዋት ዳውንታውን ሄደን እንፈርማለን። ሄደች።

ጥሩነሽ አጠገቤ ቆማ ሰምታለች። ካዚኖ ውስጥ ካርድ አዳይ ናት፤ ውሎዋ ወንዶች የደመወዛቸውን ቼክ ጠረጴዛ ላይ ሲያስበሉ ማየት ነው። ዛሬ እራቴን ስታቀርብልኝ ሳሕኑን በሁለት ጣቷ ወደኔ ገፋችው። እነሱን እንደምታስተናግደው።

አልደውልም። ምን ብዬ? ጋሽ ተፈራ ሆይ፣ ቡድኔን ስለማላምነው ቃሌን ይመልሱልኝ ብዬ? ሬኖ ቁጭ ብለው እንዲስቁብኝ? እናሸንፋለን። ስናሸንፍ ውርርዱ ይጠፋል፣ ልጁም አንድ ቀን ቀይ ለብሶ አይሞትም፣ ሁላችንም ስቀን እንገባለን። ሌላውን ጨዋታ አትይ፣ ይሄን ጨዋታ ለብቻው እይ። ሁለት ዓመት አከታትለን አሸንፈናቸው የለም እንዴ፣ ከኮሮና በፊት! (ለጥሩነሽ ነው ይህን ያልኩት።)

ዓርብ፣ ኦክቶበር 22። ጠዋት

ትናንት ማታ ደግሞ ተሸነፍን። ለጥቂት።

በላቸው ደስ ብሎታል! አቤት የሰው ልብ። ልዩነቱ እየጠበበ ነው፣ በዚህ አካሄድ የሚመጣው ዓርብ እኛ ነን አለ። ሜሪላንድ ፓርክዌይ መንገድ ላይ ያለው ባር ውስጥ የነበሩት ቀይ ለባሾች ሁሉ እንዲሁ ናቸው። አንዱ ነርስ ነው፣ የታመመ ሰው ሲያይ የሚያውቅ መስሎኝ ነበር። እሱም ምልክቱ ጥሩ ነው ይላል። ሌላው ከተማውን ጠልቶ ሊለቅ ዕቃውን ጠቅልሎ፣ ከሬኖ ጨዋታ በኋላ ነው የምሄደው አለ። ደህና ሰዎች መስለውኝ አብሬያቸው ተቀምጫለሁ። እንዲህ ካሉ ሰዎች የምለየው ምን እንደሆነ ስፈልግ ቆይቼ ምንም አላገኘሁም፤ እኔ እነሱን እንቃለሁ፣ ያ ብቻ ነው ልዩነቱ።

ሌሊት አንድ ነገር መጣብኝ። ብናሸንፍስ? ናቲ ቀይ ለብሶ በሽማግሌዎቹ ፊት፣ በሶስና ፊት፣ በሬ ላይ ይቆማል። ያ ልጅ ከዚያ ወዲያ ሲያየኝ ከወንበሩ አይነሣልኝም። እሷም አትረሳውም። ብንሸነፍስ? ልጄን በኳስ ሰጠኋት ማለት ነው።

እስከ ዛሬ ከጨዋታ በፊት የምመኘውን የማላውቅበት ሳምንት አልነበረም። ዛሬ ሻትሉን እየነዳሁ እግዜር ሆይ አልኩና የሚቀጥለው ጠፋኝ።

ፈራሁ፣ ደብተር።

ሰኞ፣ ኦክቶበር 25። ከሺፍት በፊት

ደወልኩ። አዎ። ኩራቴን እንደ መራራ መድኃኒት ውጬ ደወልኩ።

ጋሽ ተፈራ ስልኩን ሲያነሡ አማቼ! አሉኝ። ገና ሳልጀምር ሳቅ። እርስዎ ያን ቀን ስለተባባልነው ነገር አልኳቸው፣ ቀልድ ነበር፣ እንተወው። እሳቸው ምን አሉኝ? ምን ያለ ግሩም ነገር ፈጠርክ አሉ። የሬኖ ሐበሻ ሁሉ ሰምቷል። ቤተ ክርስቲያን ግቢ ወሬው እሱ ብቻ ነው። ኳስ የማያውቁ ሴቶች ሳይቀሩ ዓርብ አብረው ሊያዩ ተሰብስበዋል። የሙሽሪት ጨዋታ ብለውታል። የሙሽሪት!

ይተዉት አልኳቸው፣ ልጄ ተቀይማለች። ልጆች ይቀየማሉ፣ ሲሰጣቸው ይረሳሉ አሉኝ። ደግሞስ በሽማግሌ ፊት የተማታህበትን እጅ ስልክ ላይ ልትሰበስብ ነው? አሉ። እኔም በእሳቸው ቦታ ብሆን ይህንኑ እል ነበር። እኔ ነኝ ጋሽ ተፈራ፣ በሰማያዊ ከረባት።

ለሶስና ሞክሬያለሁ ብዬ ቴክስት አደረግሁላት። አይታዋለች።

ማርሹ እየተለማመደ ነው። ያንኑ ቁራጭ ደጋግመው። ተማሪ ሳለች ሶስና በዚህ ማርሽ እየሳቀች በእግሯ ምት ትመታ ነበር፣ ወጥ ቤት፣ ባዶ እግሯን። እኔን ደጋፊ ያደረገችኝ እሷ ናት። የመጀመሪያውን ቀይ ካናቴራ የገዛችልኝ እሷ ናት፤ ከመጀመሪያ ዓመቷ የሥራ ደመወዝ። ይህን ረስቼው ነበር ማለት አልችልም። ያላሰብኩት ነው።

ዓርብ፣ ኦክቶበር 29። ከሰዓት

ሥራ ላይ ሁሉም ቀይ ነው። ቡድኑ የት እንደሚጫወት የማያውቁት ሳይቀሩ ለብሰዋል። ስታዲየም ለመሄድ ፓርኪንግ አለ ወይ ብላ የጠየቀችኝ አለች። እሜትዬ፣ ጨዋታው ሬኖ ነው!

ምሳ ላይ በላቸው ዓርብ ስለሆነ ዶሮ ክንፍ አልበላም አለ። ድንች አዘዘ። የተጠበሰበት ዘይት ዶሮ ነክቶት እንደሆነ አስተናጋጇን አስጠየቀ። ከዚያ ቢራ አዘዘ። ቡድናችንን እግዜር ለምን እንደማይሰማው እያሰብኩ ነበር፤ አወቅሁት።

ልብሱን ለብሻለሁ። ቀዩን። ካልለበስኩ በላቸው ይጠይቀኛል። ሄድኩ።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 30። ጠዋት

ውጤቱን አልጽፈውም። አንተም አትጠይቀኝ።

አንዴ አገባን። ከወንበሬ ዘልዬ ጮኽኩ፤ እጄ አየር ላይ እንዳለ ሶስና ትዝ አለችኝና ተቀመጥኩ። ከዚያ በኋላ ጨዋታው ዳገት እንዳቃተው መኪና ወደ ኋላ ነው የሄደው። ሦስተኛው ኳርተር ላይ ባሩ ውስጥ ዚፕ ሲዘጋ ይሰማል። ደጋፊ ተብዬዎቹ ጃኬታቸውን እየቆለፉ ቀዩን ይሸፍናሉ። በቬጋስ ጃኬት! ነርሱ እንኳ ሳይሰናበት ወጣ። ያ ዕቃውን የጠቀለለው ሰውዬ ወደ ኤርፖርት ስንት ታስከፍላለህ ብሎ በላቸውን ጠየቀው። በላቸው እስከ መጨረሻው ኦፍሳይድ ሲል ነበር። አንድ እሱ ብቻ ጃኬት አልለበሰም። ትንሽ አከበርኩት፣ እስከ መኪናው ድረስ።

ጨዋታው ሳያልቅ ስልኬ ጮኸ። ጋሽ ተፈራ። ከኋላቸው እልልታ፣ ጭብጨባ፣ የሴት ድምፅ፣ የልጆች ድምፅ። አማቼ፣ አሸነፍናት! አሉኝ።

አሸነፍናት።

ቡድኑን ማለታቸው ይሆናል። ግን የሰማሁት እሷን ነው። ስልኩን ዘግቼ ወደ ፓርኪንጉ ወጣሁ። መድፉን ለዓመት ሰማያዊ ቀብተው ያቆሙታል። ልጄን ምን ሊያደርጓት ነው? እጅ የመታሁት እኔ ነኝ። ዋንጫ ያደረግኳት እኔ ነኝ። እነሱማ የሰጠኋቸውን ነው የተቀበሉ። አፈርኩ። ቃሉ ሌላ የለውም፣ አፈርኩ።

ጠዋት የሶስና ቴክስት አለ። ጋሽ ተፈራና ሰዎቹ ነገ እንዳይመጡ ለናቲ ነግራዋለች። ሰኞ ጠዋት፣ ዳውንታውን። ከፈለግክ ና፣ ካልፈለግክም ኦኬ ነው። ኦኬ ነው! አባቷን በኦኬ ገላገለችው።

ጥሩነሽ ከሥራ ገባች። ጫማዋን እያወለቀች፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ተናገረችኝ። ሽማግሌ ላክባት አለች።

በማን ላይ? አልኩ።

በልጅህ ላይ አለችና ልትተኛ ገባች።

የዚያው ዕለት። ወደ ማታ

አባት በልጁ ላይ ሽማግሌ ሲልክ ሰምተህ ታውቃለህ? እኔም አልሰማሁም። ለዕርቅ ሽማግሌ ይላካል፣ ልክ ነው፤ ግን ለጎረቤት፣ ለሚስት፣ ለወንድም። ላሳደጋት ልጅ!

ላክሁ።

ማንን ላገኝ ነው? እትዬ ዘነበችን ለመንኩ፤ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ካህኑም የሚፈሯቸው ናቸው። እሺ አሉ፣ መጀመሪያ ግን ጥሩ አድርገው ሰደቡኝ። ሁለተኛ ሰው በላቸው። ሱፍ ለብሶ መጣ፤ ከረባቱ ቀይ። ለዕርቅ ነው የምትሄደው አንተ አህያ አልኩት። ሌላ የለኝም አለ። የኔን አውሼ ሰደድኩት።

ሶስና አርትስ ዲስትሪክት ነው የምትኖረው፣ ከታች ባር፣ ከላይ ሥዕል ቤት ያለበት ሕንፃ። እዚያ ሁለቱ በሯ ላይ ቆመው በሐሳቤ ታዩኝና መኪና ውስጥ ብቻዬን ሳቅሁ። አልዋሽም፣ ቀጥሎ አለቀስኩ። ታች ፓርክ አድርጌ ስጠብቅ ነበር፤ ለምን እንደተከተልኳቸው አትጠይቀኝ።

እትዬ ዘነበች ወርደው እንደነገሩኝ፤ አስቀመጠቻቸው። ውኃ ሰጠች። መልስ ሳንሰማ አንቀምስም አሉ። እትዬ ዘነበች አባትሽ በድሏል፣ አጥፍቷል፣ ይቅር በዪው አሉ። በላቸው ቡድኑም ተሸንፏል፣ ይበቃዋል ብሎ ጨመረ። (ማን ጠየቀው?) ሶስና እስከ መጨረሻው ሰማች። ከዚያ ምን አለች መሰለህ?

እመካከርበታለሁ። ነገ ተመለሱ።

እትዬ ዘነበች በደስታ ሊበሩ ነው። ልጅቷ ወግ ታውቃለች፣ ማን አስተማራት እያሉ። እኔ ነዋ! በገርበብ በር በኩል፣ ወጥ ቤት ቆማ። ንዴቴን አላገኘሁትም። ከማን ጋር ነው የምትመካከረው ብዬ ልጮህ ነበር፣ ተውኩት። ሰው የራስህን ቃል እንደዚህ ቁልጭ አድርጎ ሲመልስልህ ያማል። ያንን ያህል ደግሞ ያኮራል።

እሑድ፣ ኦክቶበር 31። ከሰዓት በኋላ

ተመለሱ። መልስ መጣ። ከመልሱ ጋር ፌስታል።

ሶስና እንዲህ አለች ይላሉ። ውርርድ የገባው አባቴ ነው፣ የተሸነፈውም አባቴ ነው፤ ስለዚህ የሚከፍለው እሱ ነው፣ እኔ አይደለሁም። ብቻውን ይምጣ። ያለ ሽማግሌ። ዛሬ፣ ሳይመሽ። ናቲ ከሬኖ ገብቷል፣ እዚያ ይሆናል። ፌስታሉ ውስጥ ያለውን ለብሶ ይምጣ። መጀመሪያ እኔን ይጠይቀኝ፣ ይህን ልጅ ትፈልጊዋለሽ ወይ ብሎ፤ እስካሁን ማንም አልጠየቀኝም። ቀጥሎ እፊቴ ጋሽ ተፈራ ጋር ይደውልና ልጄ አልተበላችም፣ አልተሸነፈችም፣ ከፈለጋችኋት እንደገና ከመጀመሪያው ኑና ጠይቁ ይበላቸው። ይህን ካደረገ የነገው ዳውንታውን ቀርቷል። ከቤቱ እወጣለሁ።

ከቤቱ እወጣለሁ። እትዬ ዘነበችን ሦስት ጊዜ አስደገምኳቸው።

ፌስታሉን ከፈትኩት። ታውቀዋለህ። ሰማያዊ ካናቴራ፣ የሬኖዎቹ፣ ደረቱ ላይ ምልክታቸው የአንበሳ ያህል ገዝፎ። የናቲ ነው፤ አዲስ እንኳ አይደለም! በላቸው በር ላይ ቆሞ ከንፈሩን ነክሶ ሳቁን ይይዛል። ከሣቅህ ቀይ ከረባትህን አስዋጥሃለሁ አልኩት።

ጋሽ ተፈራ ስልኩን ሲያነሡ ምን እንደሚሉኝ አውቃለሁ። በሽማግሌ ፊት የተመታ እጅ ይሉኛል። አዎ ጋሽ ተፈራ እላቸዋለሁ፣ የኔ እጅ ነው፣ የኔን እጅ ይቁረጡት፤ የልጄ ግን አይደለም። ይሳቁ። የሬኖ ሐበሻ ሁሉ ይሳቅ፣ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ይሳቅ። እስከሚቀጥለው ዓመት ይሳቁ፤ ከዚያ ጨዋታው እዚህ ነው፣ እኛ ሜዳ፣ ያኔ እናያለን። (ይህን ለሶስና እንዳትነግር።)

ደረጃው ላይ ሕፃናት አፅም፣ ጠንቋይ፣ ዱባ ሆነው ከረሜላ ሊለምኑ ይወጣሉ ይወርዳሉ። ሃሎዊን ነው። ሁሉም ያልሆነውን በለበሰበት ቀን አንድ እኔ ጎልቼ አልታይም። ሶስና ይህንንም አስባበት ይሆን? ከሆነ ከእናቷ ነው፣ ከኔ አይደለም።

ጥሩነሽ ታች መኪናውን አስነሥታለች። ብቻህን ተብለሃል፣ እኔ መኪና ውስጥ ነኝ ብላለች።

ለበስኩት። ትከሻው ጠበበኝ። መስተዋት አላየሁም።

ከሥር ቀዩን ለብሼው ነበር፤ ማንም አያይም ብዬ። አሁን በር ላይ ስደርስ ተመልሼ አወለቅሁት፤ አጥፌ ወንበሩ ላይ አስቀመጥኩት። ለእነሱ ብዬ እንዳይመስልህ። ሙቀት ነው።